ከኢታንግ እስከ እናቴ በቀጥታ መስመር

መቀመጥ አልችልም። ቢሮ ያሉት ሁሉ ያውቁታል፤ ከሁሉ ወንበር ያንቺ ወንበር አዲስ የሚመስለው ስለማትቀመጪበት ነው እያሉ ያሾፉብኛል። ስልክ ሳወራ እዞራለሁ፣ ሻይ የምጠጣው ቆሜ ነው፣ ስብሰባ ላይ የምመርጠው ቦታ በሩ አጠገብ ነው። እንጀራዬ ግን የመቀመጥ ሥራ ነው። ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ በአንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ፣ የውሃ ጉድጓዶችና የእጅ ፓምፖች መዝገብ ያዥ ነኝ። የትኛው ፓምፕ የት እንዳለ፣ የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እጀታው እንደተሰበረ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ በመዝገቤ ላይ ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው ኬክሮስ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱን ቁጥር የያዘ ሰው አገሩን ባያውቀው እንኳ ሄዶ ፓምፑ አጠገብ መቆም ይችላል። በዚህ እኮራ ነበር።

በዚያ ነሐሴ ባሮ ሞላ። ባሮ በየክረምቱ ይሞላል፣ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ግን ቶሎ መጥቶ አልመለስ አለ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ኔትወርክም ተከትሎት ሄደ። ስልኬ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ባትሪ ለመቆጠብ አጥፍቼው ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እዚያው ቦርሳ ውስጥ አንድ ትንሽ የላስቲክ እሽግ አለ፤ ስድሳ ፍሬ የደም ግፊት ኪኒን። የእናቴ ነው። ቦርሳዬን ከፍቼ እሽጉን ስነካ፣ ዘግቼ ስነሳ፣ መስኮት ጋ ሄጄ ስመለስ፣ እንደገና ስከፍት ነው የምውለው።

እናቴ የምትኖረው ከኢታንግ ወንዙን ይዘው ወደ ማታር ሲወርዱ በምትገኝ መንደር ነው። ከተማ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ ያልለመንኳት ጊዜ የለም። ሁለቴ መጥታ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላት ተመልሳለች። «እዚህ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ደረስኩ የሚል ግን አላየሁም» ትላለች፣ እኔን እያየች። ዓምና መድኃኒቷ ተቋርጦባት ወደቀች። አንድ ቀን ሙሉ አፏ ተያዘ፣ ቀኝ እጇ ዛለ። አፏ ተመለሰላት፤ እጇ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ጤና ጣቢያ ያያት ባለሙያ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ «ሁለተኛ ከተቋረጠ እንዲህ በቀላሉ አያልፍም» አለኝ። ይህን ሲለኝ የነበረው ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጌ፣ ስድሳ ፍሬ እልክላታለሁ።

የዚያን ጊዜ ግን የሚሄድ ሰው ጠፋ። እሽጉ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ዛሬ አንዱ ይሄዳል፣ ነገ ሌላው ይሄዳል ስል ውሃው ከኢታንግ ወዲያ ያለውን መንገድ ያዘው። በቀን መቁጠሪያዬ ላይ የእናቴ ኪኒን የሚያልቅበትን እሑድ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤው ነበር። እሑዱ አለፈ። ይህን ሁሉ የማወራበት ቀን ሐሙስ ነው። አራት ቀን ያለ መድኃኒት ማለት ነው። በራሴ ተናደድኩ፣ በባሮ ተናደድኩ፣ በኔትወርኩ ተናደድኩ፤ ባልደረቦቼም የድርሻቸውን አገኙ።

ሐሙስ ጠዋት ገበያው አካባቢ አንድ ጀልባ ነጂ ቤንዚን ፍለጋ ከኢታንግ መጥቷል አሉኝ። በባጃጅ በርሬ ሄድኩ። ጎልማሳ ነው፣ ረጅምና እርጋታ ያለው ሰው። ቋንቋችን የተለያየ ስለሆነ በአማርኛ ነው ያወራነው። ሁለት ቀን ተሰልፎ ያገኘው አንድ ሙሉ ጀሪካንና አንድ ግማሽ ጀሪካን ነው፤ በድምሩ ሠላሳ ሊትር። የእናቴን መንደር ነገርኩት።

«እዚያ ወርጄ አላውቅም» አለኝ። «እኔ ሥራዬ ኢታንግ ላይ ማሻገር ነው። ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር። ስንት ኪሎሜትር ነው?»

«ሩቅ አይደለም።»

«ሩቅ አይደለም የሚባል ኪሎሜትር የለም፣ እህቴ። ቁጥር ንገሪኝ። በሠላሳ ሊትር ደርሶ መመለስ ከሆነ እወስድሻለሁ። ካልሆነ አልሄድም። ውሃ መሃል ቤንዚን ቢያልቅ ማን ይጎትተኛል?»

እውነቱን ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን ይዤ እንደምመጣ ነግሬው ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የደቂቃ ሥራ ነው። ስልኬን እከፍታለሁ፣ ሁለት ነጥብ እነካለሁ፣ ኪሎሜትሩ ይወጣል። አሁን ኔትወርክ የለም። ኮምፒዩተሩ ሞቷል። የቢሮው ጂፒኤሶች መስክ ከወጡት ልጆች ጋር ውሃው ማዶ ቀርተዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የክልሉ ካርታ የእናቴን መንደር ጨርሶ አያውቃትም። በእጄ ያለው መዝገቤ ብቻ ነው። የኢታንግ ጀልባ መቆሚያ አጠገብ አንድ ፓምፕ አለ፤ በእናቴ መንደር አንድ ፓምፕ አለ። የሁለቱም ቁጥር በራሴ እጅ ተጽፏል። ከሁለት ቁጥር ግን ኪሎሜትር እንዴት እንደሚወጣ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ረስቼዋለሁ።

ቢሮአችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቀያሽ አሉ። ከደጋ ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሠላሳ ዓመት የቀሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት የተቀረጸ እርሳስ ሁልጊዜ ተደርድሮ ይገኛል።

«ጋሼ፣ ካልኩሌተር አለዎት?»

«ካልኩሌተር ምን ያደርግልሻል? ባትሪ ያልቅበታል። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ይንገሩኝና ቆሜ እጽፋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝና አንዱን እርሳስ አቀበሉኝ። «በመጀመሪያ ምድር ክብ ናት፤ እሱን እወቂና እርሺው። ለአንቺ መንገድ ምድር ጠፍጣፋ ናት። አሁን ከትልቁ ቁጥር ትንሹን ቀንሺ። ሰከንዶቹን ተያቸው። አንድ ሰከንድ ሠላሳ ሜትር ነው፤ ሠላሳ ሜትር ጀልባ አያሰምጥም።»

ቀነስኩ። በኬክሮስ አምስት ደቂቃ፣ በኬንትሮስ አሥራ አምስት ደቂቃ ወጣ። የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ አንድ ዲግሪ ለስልሳ ሲከፈል አንዱ ክፋይ ደቂቃ ይባላል። ጋሼ እንዳሉኝ አንድ የኬክሮስ ደቂቃ መሬት ላይ አንድ ኪሎሜትር ከስምንት መቶ አርባ ሜትር ገደማ ነው፣ የትም ቢኬድ። የኬንትሮስ ደቂቃ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ምድር ወገብ ላይ ሰፊ ነው፤ ወደ ዋልታ ሲሄዱ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በኬክሮሱ ኮሳይን መባዛት አለበት።

ኮሳይን ሲሉ ተነፈስኩ። «ጋሼ፣ እናቴ እዚያ መድኃኒት ጨርሳ እርስዎ ኮሳይን ይሉኛል?»

«ቀስ በይ። የስምንት ዲግሪ ኮሳይን ዘጠና ዘጠኝ መቶኛ ነው። አንድ ነው ብለሽ ብታልፊው ማንም አይከስሽም። እዚህ አገር ወደ ሰሜን የሄድሽው ደቂቃና ወደ ምዕራብ የሄድሽው ደቂቃ እኩል ናቸው። ጋምቤላ ለሒሳብ የተመቸች አገር ናት።» ትንሽ አስበው፣ «ለሌላው ነገር አላውቅም» አሉ።

ሳቄ አልመጣም፤ ግን እጄ ረጋ አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ወደ ላይ፣ አንድ መስመር ወደ ግራ አሰመርኩ። አንዱ አምስት፣ አንዱ አሥራ አምስት። ጫፍና ጫፋቸውን የሚያገናኘው ዘንበል ያለው መስመር ከኢታንግ እስከ እናቴ ነው። አምስት በአምስት ሃያ አምስት። አሥራ አምስት በአሥራ አምስት ሁለት መቶ ሃያ አምስት። ሲደመር ሁለት መቶ ሃምሳ። አሁን በራሱ ተባዝቶ ሁለት መቶ ሃምሳ የሚሆን ቁጥር መፈለግ ነው። አሥራ አምስት ያንሳል። አሥራ ስድስት ይበዛል፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይሆናል። አሥራ አምስት ከስምንት አሥረኛ በራሱ ሲባዛ ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ከምናምን መጣ። ጋሼ ይበቃል አሉ። ያንን በአንድ ኪሎሜትር ከስምንት መቶ አርባ አባዛሁት። ሃያ ዘጠኝ ኪሎሜትር።

አላመንኩትም። እንደገና ሠራሁት፣ ሃያ ዘጠኝ። ሦስተኛ ሠራሁት፣ ሃያ ዘጠኝ። አራተኛው ላይ ቸኩዬ ሠላሳ አንድ አወጣሁና ላብ በላብ ሆንኩ። ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ስህተቴን በእርሳስ ከበቡት።

«ስለተጨነቅሽ መንደሩ አይርቅም፣ ስለቸኮልሽም አይቀርብም። ሃያ ዘጠኝ ነው። ግን ይሄ የአሞራ መንገድ ነው። ባሮ ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም፤ ግማሹን ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። አርባ ሦስት ተኩል። ደርሶ መልስ ሰማንያ ሰባት። ጀልባ ነጂው መሄጃና መመለሻው ሲመዛዘን በአንድ ሊትር ሦስት ኪሎሜትር እሄዳለሁ ብሎኛል። ሰማንያ ሰባት ለሦስት ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ሊትር አለው። አንድ ሊትር ይተርፈናል። ወረቀቱን አጥፌ ልሄድ ስል ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት፤ አንድ ሊትር ለእሳቸውም ትንሽ መስሏቸዋል መሰለኝ።

ወደ ጀልባ ነጂው ከመሄዴ በፊት ድልድዩ ላይ ወጥቼ ውሃውን አየሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ባሮ ከሥሬ ቡናማ ሆኖ፣ የተነቀለ ዛፍ ይዞ፣ ወደ እናቴ ይሄዳል። ማንም ስንት ኪሎሜትር ነው ብሎ ሳይጠይቀው እኔ ቀናት የፈጀብኝን መንገድ እሱ ይወርደዋል። ቀናሁበት።

ጀልባ ነጂው ወረቀቴን ይዞ መስመር በመስመር አነበበው። «ሰማንያ ሰባት። እሺ፣ ይበቃል» አለ። ከዚያ ጣቱን ቁጥሩ ላይ እንዳደረገ ቀና አለ። «ግን እዚያው ናት አይደል?»

«ማን?»

«እናትሽ። ቁጥሩ ባለበት ናት አይደል?»

«ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ» አልኩት፣ ቆጣ ብዬ። እሱም ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

ዓርብ ወደ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ በሚሄድ መኪና ተጨናንቀን ኢታንግ ደረስን። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዋ ውስጥ ነበርን። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ኮፍያውን አውልቆ በራሱ ቋንቋ ጸለየ። እኔም በቋንቋዬ አሜን አልኩ። ስልኬን ከፈትኩት። ካርታው ባዶ ነጭ ሜዳ ነው፤ የቆምኩበት ቦታ ቁጥር ግን ይታያል፣ እሱ ኔትወርክ አይፈልግም። የኬንትሮሱ ደቂቃ አንድ በአንድ ሲቀንስ ጮክ ብዬ አነብለት ጀመር። አሥራ አራት ቀረ። አሥራ ሦስት ቀረ። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወደ ፊት እጠጋለሁ።

«እህቴ፣ ቁጭ በይ። ጀልባዋ ትገለበጥና ሁሉንም ደቂቃ ዓሣ ይቆጥረዋል።»

በሕይወቴ ረጅሙን መቀመጥ የተቀመጥኩት የዚያን ቀን ነው። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከዋናው ወንዝ ወጥተን በተጥለቀለቀው ሣር ላይ ገባን። ቁጥሮቹ ከመዝገቤ ጋር አንድ ሆኑ፤ ኬክሮሱ አንድ፣ ኬንትሮሱ አንድ። ቀና ስል ፓምፑን አየሁት። ከውሃው በላይ የቀረው እጀታው ብቻ ነው፤ ነጭ ወፍ ቆሞበታል። በሠላሳ ሜትር እንኳ አልተሳሳትኩም። የሣር ጣሪያዎች እዚህም እዚያም ከውሃው ወጥተዋል። ጮኼ ተጣራሁ። ወፉ በረረ። ሌላ የመለሰልኝ የለም።

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። «ቦታው ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ሰዎቹስ?»

አሁን የምጽፈው ያሳፍረኛል። እኔ የተወለድኩት እዚህች መንደር ነው። የእኛ ሰው በበጋ ወንዙ ዳር ይኖራል፤ ውሃ ሲገባ ደግሞ ከነልጁ፣ ከነከብቱ፣ ከነዶሮው ተነስቶ ወደ ጉብታ ይወጣል። ልጅ ሆኜ በየክረምቱ ዶሮ አቅፌ ሰሌን በራሴ ተሸክሜ ወጥቻለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እንደ መራመድ ነው የማውቀው። መዝገቤ ላይ ግን አንድ መንደር አንድ ነጥብ ነው ያለው። ነጥቡን የመዘገብኩት በሚያዝያ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ መንደሬን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ነጥብ ሆነ። ሰው በፓምፑ ዙሪያ የታሰረ ይመስል፣ ነሐሴ ላይ እናቴን ፍለጋ ፓምፕ ጋ መጣሁ። ጋሼ ባያውቁት ደጋ ነው ያደጉት። ጀልባ ነጂው ባያውቀው መንደሩ አይደለም። እኔስ?

በልጅነቴ የምንወጣበትን ጉብታ ባሮ ከበላው ቆይቷል። አዲሱን አላውቀውም። ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። እናቴ እኮ ነግራኛለች። በሚያዝያ፣ ቁጥሩን ለመውሰድ የመጣሁ ቀን ነው። እኔ ፓምፑ አጠገብ ቆሜ የጂፒኤሱን ስክሪን እያየሁ፣ ሳተላይት እስኪይዝ እየጠበቅኩ፣ እሷ ከጎኔ መጥታ ቆመች።

«ውሃ ሲገባ የምንሄድበትን ልንገርሽ» አለች። «ፀሐይ ስትወጣ ትነሻለሽ። ጀርባሽን ትሰጫታለሽ። እዚህ ስትሆን ትደርሻለሽ።»

ሽማግሌዎቻችን ርቀት የሚናገሩት እንደዚህ ነው፤ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ፀሐይ የምትሆንበትን ያሳያሉ። ያቺ የዛለች ቀኝ እጇ ብቻዋን አልነሳ ስላለቻት በግራ እጇ ከክርኗ ሥር ደግፋ አነሳቻት። ይዛት ቆየች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ።

«እያየሽኝ ነው?»

«እያየሁሽ ነው» አልኳት። ስክሪኑን ነበር የማየው። በዓይኔ ጥግ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክንዷን አይቼው ነበር።

ጀልባዋ ላይ ቆሜ ክንዴን አነሳሁ። ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ የእሷን እስኪመስለኝ ድረስ። ጀልባ ነጂው ያበድኩ መስሎት ያየኛል። ከአድማስ እስከ አናት ዘጠና ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ይህን በስድስት ሰዓት ውስጥ ትወጣለች። በሰዓት አሥራ አምስት ዲግሪ ማለት ነው። ክንዴ የቆመው ሲሦው ላይ ነው፣ ሠላሳ ዲግሪ። ሁለት ሰዓት መንገድ። ልጅና ከብት ይዞ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በሰዓት ከሦስት ኪሎሜትር አያልፍም። ስድስት ኪሎሜትር። ጠዋት ጀርባን ለፀሐይ መስጠት ወደ ምዕራብ መሄድ ነው። ስድስት ኪሎሜትር ወደ ኬንትሮስ ሲመለስ ሦስት ደቂቃ ከሩብ። የጋሼ እርሳስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ በሒሳቡ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

«አሥራ ስድስት ሊትር ቀርቷል» አለ ጀልባ ነጂው። «ሲመለሱ ሽቅብ ነው፣ ውሃው ይገፋል። ይሄ የመመለሻ ነው እህቴ፣ ሌላ ቦታ መሄጃ የለኝም።»

አልተቆጣሁም። ለመንኩት። መለመን አላውቅበትም፤ ድምፄ እንደ ልጅ ሆነብኝ። ወረቀት ሳላሳየው፣ ስድስት ቀን ያለ መድኃኒት መሆኗን፣ ዓምና እንደወደቀች፣ ቁጥሩን አምኜ እዚህ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። ዙሪያውን አየ። ከጀልባዋ ወለል ላይ ሁለት ረጃጅም እንጨት አነሳና አንዱን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«እንጨት ቤንዚን አይጠጣም» አለ።

እየገፋን ሄድን። ውሃው ጥልቅ አልነበረም፣ እንጨቱ መሬት ያገኛል፤ ሣሩ ግን ይይዛል። መዳፌ ቆሰለ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አለመቀመጤ ለሰው ጠቀመ። አንድ ደቂቃ ለመሄድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሦስተኛውን ስናልፍ ከሣር በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሦስት ከሩብ ደረስን። ሣር። ዙሪያውን ብዞር ሣርና ሰማይ። ክንዷን በደንብ አላየሁትም አልኩ በልቤ። ያኔ ቀና ብዬ ባያት ኖሮ አልኩ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ቀና ብል ምን ነበረበት? ስልኬ ባትሪው አለቀና ጠፋ። ጀልባ ነጂው መግፋቱን ቀጠለ፤ እኔም ቀጠልኩ።

መጀመሪያ የሰማነው የላም ድምፅ ነው። ቀጥሎ ዛፎቹ ታዩ፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ሰው። ጀልባዋ መሬት ሳትነካ ዘልዬ ወረድኩ፣ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እናቴ ዛፍ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ፊቷ ትንሽ አብጧል፣ እግሯም። ግን ተቀምጣለች፣ አፏ ደህና ነው፣ ታየኛለች።

«መድኃኒትሽ ካለቀ ስድስት ቀን ሆኖታል» አልኳት፣ ከሰላምታ በፊት።

«ሰላም ነሽ አይባልም?» አለች።

ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ውስጡ ስድስት ግማሽ ኪኒን አለ። ጠርዛቸው የጥርስ ምልክት አለበት።

«ውሃው ፓምፑ እግር ሥር ሲደርስ ግማሽ ግማሹን መዋጥ ጀመርኩ» አለች። «በእጄ መስበር አቃተኝ፣ በጥርሴ ነው የሰበርኩት። ራሴን ያዞረኛል፣ ግን አለሁ።»

«ለምን? እንደምመጣ አታውቂም?»

«አውቃለሁ እንጂ። አንቺ መጀመሪያ ቁጥርሽ ጋ ነው የምትሄጂው። እኔን የምትፈልጊው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚያ የሚሆነውን ቀን ጨመርኩበት።»

አልተቆጣችም። ዝናብ ይመጣል እንደምትለው ነው ያለችው። እኔ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። እኔ በእርሳስ የእሷን መንገድ ሳሰላ፣ እሷ በጥርሷ የእኔን መዘግየት ስታሰላ ከርማለች። የእሷ ሒሳብ ትክክል ወጣ። ጀልባ ነጂው ፊቱን አዙሮ ጀልባዋን ዛፍ ላይ ማሰር ጀመረ፤ በቋንቋችን ያወራነውን አልሰማም፣ ግን ገብቶታል።

ውሃ አስመጥቼ ሙሉ ኪኒን አስዋጥኳት። ስትውጥ አየኋት፤ ዓይኔን ከፊቷ አላነሳሁም። ከጨረሰች በኋላ ጣሳውን አስቀምጣ፣ «እስቲ፣ ምን ያህል ነው ብዬሽ ነበር?» አለችኝ።

ክንዴን ዘርግቼ አነሳሁ፣ ጀልባዋ ላይ እንዳነሳሁት አድርጌ። ትንሽ አየችው። ከዚያ በዚያችው በዛለች እጇ ክርኔን ከሥር ደግፋ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ጥቂት ከፍ አደረገችው።

«እዚህ» አለች።